ከባሕር ማዶ ስለሚመጣ መርዶና ኀዘንተኞችን ስለ ማጽናናት

(በገዳሙ የመቶኛ ዓመት መታሰቢያ በዓል ለተሰበሰቡ ካህናትና ተሳላሚዎች የተነገረ)



የኢትዮጵያ ሰው የሞትን ወሬ እንደ ሌላው ወሬ አድርጎ አይናገርም። ላም መውለዷን ከአጥር ውጭ እየተጣራ የሚያበሥር ጎረቤት፥ የሞት ነገር ሲሆን ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ለዚህ ወሬ የተለየ ስም ተሰጥቶታል፤ መርዶ ይባላል። መርዶ ነጋሪ ብቻውን አይሄድም፥ ቸኵሎም አይሄድም። ነገሩ አስቀድሞ ለቅርብ ዘመድና ለጎረቤት ይነገራል፤ የነፍስ አባት ይጠራል፤ የእድሩ ዳኛ ይሰማል፤ ሽማግሎች ማታ ተሰብስበው ይመካከራሉ። ጎሕ ሲቀድ፥ እናቲቱ ውኃ ልትቀዳ ወይም ገበያ ልትወርድ ሳትወጣ፥ ሁሉም በአንድነት ከደጇ ይደርሳሉ። በዚያ ሰዓት ያን ያህል ሰው በበሯ ላይ ቆሞ ያየች ሴት አንድ ቃል ሳይነገራት ነገሩን ታውቀዋለች፤ ነገር ግን ስትወድቅ የሚይዛት እጅ ቀድሞ ቀርቧል፤ የምድጃው እሳት ተከልሏል፤ ውኃው በጣሳ ተቀድቶ ተቀምጧል። በዓል የደረሰ እንደ ሆነ በዓሉ እስኪያልፍ፥ አራስ ወይም ሕመምተኛ የሆነች እንደ ሆነ እስክትጠና ድረስ መርዶው ይቆያል።

ይህን ሥርዓት ማንም በዐዋጅ አላወጣውም። በክርስቲያኑም ቤት በሙስሊሙም ቤት ያለው አንድ ነው። አንዳንድ ሰዎች ነገሩን ማዘግየትና መደበቅ አድርገው ይነቅፉታል፤ እነዚህ ሰዎች ብቻቸውን ቆመው የሞት ወሬ ሰምተው የማያውቁ ሳይሆኑ አይቀሩም።

አሁን ይህን ሥርዓት የሚያፈርሰው ከባሕር ማዶ የሚመጣው ሞት ነው። ከወሎና ከትግራይ፥ ከጅማ፥ ከአርሲና ከሐረርጌ እጅግ ብዙ ወጣት ለሥራ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ተሻግሯል። ሌላው ደግሞ ለሐጅ ወደ መካ ይሄዳል። ለሁለቱም ወገን የጉዞው በር ጅዳ ናት። ሞቱ በዚያ ይሆናል፤ ልቅሶው በዚህ ነው። በመካከል የቀረው መርዶ ነጋሪ የእጅ ስልክ ሆነ፤ እርሱም ጎሕ እስኪቀድ አይጠብቅም፥ ሽማግሌም አይመርጥም።

የ2007 ዓ.ም. የመጨረሻ ቀን ጳጉሜን 6 ነበረ። በኢትዮጵያ ለዕንቍጣጣሽ ዋዜማ ችቦ ሲታሰር፥ በመካ ታላቅ መስጊድ ለግንባታ የቆመ ክሬን በዐውሎ ነፋስ ወድቆ ከ100 የሚበልጡ ሰዎችን ገደለ። ያ ኀዘን ሳይበርድ በመስከረም 13 ቀን 2008 ዓ.ም.፥ የዐረፋ በዓል በዋለበት ሐሙስ ጧት፥ ከመካ ወጣ ብሎ በሚገኘው በሚና ሸለቆ የከፋው ደረሰ። ሐጃጆቹ ሰይጣንን በጠጠር የመውገር ሥርዓታቸውን ለመፈጸም ጀመራት ወደሚባለው ስፍራ ሲሄዱ፥ በሁለት መንገዶች መገናኛ ላይ ከሁለት ወገን የመጣ ሕዝብ ተጋጠመ። ከኋላ ያለው ይገፋል፤ ከፊት ያለው መሄጃ የለውም፤ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ የወደቀ ሊነሣ አልቻለም። የሳዑዲ መንግሥት የሟቾቹን ቍጥር 769 ብሎ አስታወቀ። የየአገሩ መንግሥታት ስለ ሞቱባቸው ሰዎች የተናገሩትን የዜና ሰዎች ሲደምሩት ግን ከ2,400 በላይ ሆነ። ከእነዚህም ውስጥ ከ40 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ነበሩ።

ሐጅ የሚሄድ ሰው ዕዳውን ከፍሎ፥ ከጎረቤቱ ጋር ይቅር ተባብሎ፥ ቤተ ሰቡን ተሰናብቶ ነው። የብዙዎቹ ጉዞ የዕድሜ ልክ ቍጠባ ነው። በዚያ ሐሙስ የበግ ሥጋ በየቤቱ ሲቀቀል፥ ቴሌቪዥን በነጭ ልብስ የተኙ ሰዎችን ያሳይ ጀመር። ወንድ ሐጃጅ ሁሉ የሚለብሰው አንድ ዓይነት ሁለት ነጭ ጨርቅ ነው፤ ባለጸጋውም ድሀውም፥ ኢራናዊውም ማሊያዊውም ኢትዮጵያዊውም በእርሱ አይለይም። ስለዚህ ልጅ አባቱን በልብሱ ሊያውቀው አልቻለም። ስልኩ ይደወላል፤ አይመለስም። ወደ ጅዳ ይደወላል፤ በጅዳ ያለው ዘመድ ወደ መካ ይደውላል፤ ከዚያም ሆስፒታል ለሆስፒታል ፍለጋ ይሆናል። በኋላ የሟቾቹ ፎቶግራፍ ለየአገሩ መልእክተኞች ተሰጠና ዘመድ ዘመዱን ከፎቶግራፍ መካከል ፈለገ። የአንዳንዱ ነገር እስኪረጋገጥ ሳምንታት አለፉ።

ከመስከረም 13 እስከ መስቀል በዓል አራት ቀን ነው። በመስከረም 16 ደመራው ሲለኰስ፥ በአጥሩ ማዶ ባለው የሙስሊም ጎረቤት ቤት ኀዘኑ ገና አልተጀመረም ነበር፤ እርግጡ አልታወቀምና። ያልተረዱትን ሞት አያለቅሱትም፤ ለጠፋ ሰው ድንኳን አይተክሉም። እንዲህ ባለ ጊዜ ክርስቲያን ጎረቤት ምን ያድርግ? ‹ነፍስ ይማር› ቢል ሟርት ነው፤ እልል እያለ በደጃቸው ቢያልፍ ግፍ ነው። ተዝካርና ፍትሐትን በሚገባ የሚያውቅ ካህን እንኳ ለዚህ መካከለኛ ጊዜ የተዘጋጀ ቃል የለውም። የሚቻለው ነገር በእጅ ስልኩ አጠገብ አብሮ መቀመጥ ነው። የሚደወለውን ስልክ ከኀዘንተኛው ይልቅ ጎረቤት ቢያነሣው፥ ያ ጎረቤት በዚያች ሰዓት የሽማግሎቹን ሥራ ይሠራል።

ይህ መቀማመጥ ብድርም ነበረው። ከሚና ኀዘን አምስት ወር አስቀድሞ፥ በሚያዝያ 2007 ዓ.ም.፥ በሊብያ በግፍ የተገደሉትን ክርስቲያኖች ሞት ዘመዶቻቸው የተረዱት ገዳዮቹ ራሳቸው ባሠራጩት ተንቀሳቃሽ ሥዕል ነበር። ከዚያ የከፋ መርዶ አይገኝም። የሦስት ቀን ብሔራዊ ኀዘን ታወጀ፤ ከሟቾቹ የሁለቱ ወገን በነበረበት በአዲስ አበባ በቂርቆስ ሰፈርና በሌላውም ስፍራ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ አለቀሰ።

መጻሕፍት መርዶ እንዴት እንደሚነገርና እንደማይነገር አሳይተዋል። በመጽሐፈ ሳሙኤል ካህኑ ዔሊ በ98 ዓመቱ፥ ዓይኑ ፈዞ፥ በመንገድ ዳር በወንበሩ ተቀምጦ ይጠባበቅ ነበር። ከጦሩ ሜዳ ሮጦ የመጣው ብንያማዊ ወሬውን አስቀድሞ ለከተማው ዘረገፈው። ከተማው በሙሉ ጮኸ፤ ነገሩ ከሁሉ አብልጦ የሚመለከተው ሽማግሌ ግን ሰው የሚጮኸው ስለ ምን እንደ ሆነ ይጠይቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰውየው የሽንፈቱንም፥ የሁለት ልጆቹንም ሞት፥ የታቦቱንም መማረክ ባንድ ትንፋሽ ነገረው። ዔሊ ወደ ኋላው ወድቆ አንገቱ ተሰበረ፤ ምራቱም ያንኑ ሰምታ በምጥ ሞተች። ባንድ መልእክተኛ ችኰላ ቤቱ ሁለት ተጨማሪ ሬሳ አወጣ ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ዛሬ የሟች ፎቶግራፍ ከቤተ ሰቡ አስቀድሞ በሺህ ሰው ስልክ ላይ ሲዞር የሚሆነው ይኸው የሴሎ ከተማ ጩኸት ነው።

ሁለተኛው የአቤሴሎም መርዶ ነው። የሳዶቅ ልጅ አኪማአስ ካልሮጥሁ ብሎ ኢዮአብን አስቸገረው፤ ሮጦም ቀድሞ ደረሰ። ንጉሥ ዳዊት ስለ ልጁ ደኅንነት ሲጠይቀው ግን ልቡ ከዳው፤ ሁከት ከማየቱ በቀር የሚያውቀው እንደሌለ ተናገረና ገለል ብሎ ቆመ። ነገሩን ያስረዳው ኋላ የደረሰው ኩሳዊ ነበር። እርሱም የልጁን ስም አልጠራም፤ ሞተ የሚለውንም ቃል ከአፉ አላወጣም፤ የንጉሡን ጠላቶች ዕጣ ከዚያ ጎልማሳ ዕጣ ጋር አስተካክሎ በመናገር ብቻ አባቱ እንዲያውቀው አደረገ። ኩሽ በመጻሕፍት ኢትዮጵያ ነውና ያን ሰው የአገር ልጅ ብሎ መጥራት ድፍረት አይሆንም። አንድ ነገር ግን ጎደለው፤ ብቻውን ነበረ። ስለዚህም ንጉሡ ከበሩ በላይ ወዳለው ክፍል ብቻውን ወጥቶ አለቀሰ፤ በኋላ የመጣለትም አጽናኝ ሳይሆን የሚቈጣው ኢዮአብ ነበር።

ስለ መካና ስለ ኢትዮጵያ መርዶ ሲነገር ሊታለፍ የማይገባ አንድ የጥንት ነገር አለ። የሙስሊሞች መጻሕፍት እንደሚተርኩት፥ በ7ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከመካ የተሰደዱ ሰዎች ቀይ ባሕርን ተሻግረው በአክሱም ንጉሥ ዘንድ ተጠለሉ። በዚያ ዘመን የመካ ወደብ ጅዳ ሳትሆን በስተ ደቡቧ ያለችው ሹዐይባ ነበረች፤ ጅዳ ወደብ የሆነችው ጥቂት ቆይቶ በከሊፋ ዑስማን ዘመን ነው። ያ ንጉሥ ባረፈ ጊዜ ነቢያቸው ሞቱን በዚያው ቀን ለተከታዮቹ አርድቶ፥ በሰልፍ አቁሟቸው፥ ሬሳው በሌለበት ጸሎት እንዳደረሰለት ይተረካል። በሌለ ሬሳ ላይ የሚደርሰው ጸሎት፥ እነርሱ ሰላተል ጋኢብ የሚሉት፥ መሠረቱ ይህ ነው። የንጉሡን ሃይማኖት በሚመለከት የሁለቱ ወገን ትረካ አይስማማም፤ እርሱ ለታሪክ ሊቃውንት ይቈይ። የማይካደው ግን በዐረብ ምድር ሬሳው በሌለበት ጸሎት የተደረገለት ሰው የኢትዮጵያ ንጉሥ መሆኑን ሙስሊሞች ራሳቸው መመስከራቸው ነው። በ2008 ዓ.ም. መንገዱ ተገላበጠ፤ ሬሳው በመካ ቀረ፥ ልቅሶው በኢትዮጵያ ሆነ።

ለማጽናናት ወደ ሙስሊም ጎረቤት ቤት የሚሄድ ቄስ ሌላም ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። በሐጅ ላይ የሞተ ሰው በለበሰው በሁለቱ ነጭ ጨርቅ ተከፍኖ በዚያው ይቀበራል፤ ዘመዶቹም ይህን ሞት እንደ መታደል ይቈጥሩታል። ‹ምነው ሬሳው እንኳ በመጣ› የሚል እንግዳ ደግ የተናገረ እየመሰለው የኀዘንተኛውን ማጽናኛ ይነጥቀዋል። ቁጭ ብሎ እነርሱ የሚሉትን መስማት ይቀድማል። የኢዮብ ሦስት ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው በምድር ላይ በተቀመጡ ጊዜ ነቀፋ አልነበረባቸውም፤ ነቀፋው የመጣው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

መርዶ ወዲያም ይሄዳል። በጅዳ በሰው ቤት የምታገለግል ልጅ የእናቷን ሞት በስልክ የምትሰማው ብዙ ጊዜ ወጥ ቤት ቆማ ነው። ምሳ መቅረብ አለበት፤ ልጆቹ መታጠብ አለባቸው፤ አሠሪዎቿ ቋንቋዋን አያውቁም። ውኃውን ከፍታ በመታጠቢያ ቤት ታለቅሳለች። ዓርብ ቀን መውጣት የተፈቀደላት እንደ ሆነ የአገሯ ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበው፥ ድምፃቸውን አፍነው ያስለቅሷታል፤ ቡና ያፈላሉ፥ ገንዘብ ያዋጣሉ። በሳዑዲ ዐረቢያ ቤተ ክርስቲያን የለም፤ መካም ሙስሊም ላልሆነ ሰው የተከለከለች ናት። ስብሰባውም ራሱ ያስፈራል። በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. በጅዳ በአንድ ቤት ለጸሎት ተሰብስበው የነበሩ 35 ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች፥ 29ኙ ሴቶች፥ ተይዘው ወራት ታስረዋል፤ በኋላም ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ስለዚህ የሞተባት ሁሉ በጎኗ ሰው እንዲኖር አገር ቤት ያለው ዘመድ ይጠንቀቅ። ወንድም በቀጥታ ለእርሷ ከመደወል ይልቅ በጅዳ ለምታውቃት ለሌላይቱ ልጅ ቢደውል፥ ዓርብንም ቢጠብቅ፥ የአባቶቹን ሥርዓት በስልክም ቢሆን ጠበቀ ማለት ነው።

ከዚህም በቀር ሞቶ ያልተቀበረ፥ ጠፍቶ ያልተገኘ ሰው ኀዘን አለ። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዐረቢያ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ተመለሱ። በአውሮፕላን ማረፊያው ከደጅ ቆመው ከሚጠብቁት እናቶች አንዳንዶቹ ልጃቸው ሳይወርድ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከጅዳ ወደ መካ በሚወስደው መንገድ ዳር ሹመይሲ በሚባለው ማቆያም በየጊዜው ብዙ ኢትዮጵያውያን ተይዘዋል፤ ከዚያ ውስጥ ድምፅ ሳይሰማ ሲቆይ ቤተ ሰብ ከልቅሶና ከተስፋ መካከል ይንጠለጠላል። በሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ150 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንን የጫነች ጀልባ በየመን አብየን ዳርቻ ሰጠመች። ከተገኙት ሬሳዎች ሌላ ባሕሩ ያስቀራቸው አሉ።

እንዲህ ባለ ጊዜ ለነፍስ አባት የሚቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፤ ዐርባው ከመቼ ይቈጠር? ሣልስቱ፥ ሰባቱ፥ ዐሥራ ሁለቱ፥ ሠላሳው፥ ዐርባው፥ ሰማንያው የሚቈጠሩት ከዕረፍቱ ቀን ነው፤ ቀኑ ያልታወቀለት ሰውስ? አንዳንድ ካህን ቀኑ ሳይታወቅ ምንም አይደረግም ብሎ ይመልሳል። ይህ መልስ ድካም የሌለበት መልስ ነው። ኀዘንተኞቹ ከተረዱበት ቀን አንሥቶ ቢያስቈጥርላቸው ግን እግዚአብሔር ቀኑን ያውቀዋልና ጸሎቱ ቦታውን አይስትም፤ እነርሱም ቀናቸውን ይዘው ይቆማሉ። ኀዘን ቀን ካላገኘ አይወጣም።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን በመጨረሻ፥ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፥ በሹክሹክታ የሚቀርበው ነው። ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ ስማቸውን በሙስሊም ስም ለውጠው፥ ማተባቸውን ከአንገታቸው አውልቀው የተሻገሩ ክርስቲያን ልጆች ጥቂት አይደሉም። እንዲህ ያለችው ልጅ በጅዳ ስትሞት ከዚያ የሚመጣው ወረቀት እናቷ የማታውቀውን ስም ይጠራል። ሬሳውን የምትቀበል እናት በሣጥኑ ላይ ሌላ ሰው ተጽፎ ታገኛለች። ሬሳው የቀረ እንደ ሆነም በእጇ የሚገባው ይኸው ወረቀት ብቻ ነው። ሃይማኖቷን ክዳ ሞተች ይሆን? ለእርሷ ፍትሐት ይደረጋል? ይህን ጥያቄ የምታቀርብ ሴት ልጇን ሁለተኛ ጊዜ ልትቀብር ወይም ላትቀብር በካህኑ ፊት ቆማለች።

እዚህ ላይ ‹ማን ሂጂ አላት› የሚል ቃል ከካህን አፍ መውጣት አይገባውም፤ የሰፈሩ ሰው አስቀድሞ ብሎላታል። የላከችውን ገንዘብ እየጠሩ እናቲቱን መውቀስም ለቀብር የመጣ ዘመድ ሥራ አይደለም። ስሙን የለወጠው ደላላና የጉዞ ወረቀት ነው፤ ልቧ የለወጠውን ያልለወጠውን ሰው አላየም። በዚያ ቤት ብቻዋን በቆመች ጊዜ በስውር ያማተበች መሆኗን የሚመሰክርላት ሰው የለም፤ አላማተበችም ብሎ የሚመሰክርባትም የለም። ምስክር በሌለበት የሚፈርድ ዳኛ በዓለሙም ሕግ አይወደድም።

ፍትሐት ሲደረግ ደግሞ ካህን የጉዞ ወረቀት አይመለከትም። በዓለም ትጠራበት በነበረው ስም፥ በሰፈር በወጣላት ቅጽል፥ በጅዳ በተጻፈው ስም አይጸልይም። በሰማንያ ቀን በተጠመቀች ጊዜ በተሰጣት የክርስትና ስም ይጸልያል፤ ያን ስም በጅዳ ያለ ማንም አልጠየቃትም፥ ማንም አልለወጠውም። ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ካህኑና እናቲቱ ብቻ ናቸው፤ ያጠመቀው ካህን ከሞተም እናቲቱ ብቻ ናት። ስለዚህ የመርዶው ጧት ጩኸቱ ጋብ ሲል፥ የነፍስ አባት ወደ እናቲቱ ጠጋ ብሎ በዝግታ የልጇን የክርስትና ስም ይጠይቃታል። እርሷም ዕንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ስሙን ትናገራለች፤ ዲያቆኑ በወረቀት ጽፎ ይዞት ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል።